የሰው ንብረት በጨረታ ለመሸጥ ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን እየገዛሁ እሸጣለሁ፤ ለዚህም የንግድ ፈቃድ አለኝ። ከተማ የሚለቁ ሰዎች ዕቃቸውን በጨረታ ሸጬላቸው ኮሚሽን እንድወስድ ይጠይቁኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አበዳሪ የተበዳሪውን ቤት በሐራጅ እንድሸጥለት መጣ። ተበዳሪው “ካልከፈልኩ ቤቴ ይሸጥ” ብሎ የፈረመበትን ወረቀትም አሳየኝ። ምን ፈቃድ ላውጣ? ሐረር ሄጄስ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ከቤቱ ልጀምር። ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እባክዎ ቤቱን አይንኩት። ለዚህ የሚሆን የንግድ ፈቃድ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3060 ጉዳዩን ዘግቶታል። ብድሩ በጊዜው ባይከፈል አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል ቤቱን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ውጤት የለውም። ተበዳሪው ቢፈርምም፣ ሽማግሌ ቢመሰክርም ያው ነው። የጨነቀው ሰው ምን የማይፈርመው አለ? እንዲህ ዓይነቱ ክልከላ ባይኖር ስንቱ ቤተሰብ ሜዳ ላይ በቀረ ነበር።

አበዳሪው ገንዘቡን ከፈለገ ይክሰስ፣ ያስፈርድ፣ ከዚያ ፍርዱ እንዲፈጸምለት በፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም ፋይል ይክፈት። ቤቱ ይገመታል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሐራጁንም ፍርድ ቤቱ የመደበው ሰው ያካሂዳል። ተበዳሪው ቤቱ ሳይሸጥ ዕዳውን ከፍሎ ሐራጁን ሊያስቆምም ይችላል። እርስዎ በአንድ ከሰዓት ጨረታ ይህን ሁሉ ዕድል ያሳጡታል።

“ባንኮችስ ያለ ፍርድ ቤት ይሸጡ የለ?” ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ተፈቅዶላቸዋል። እነሱም ቢሆኑ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠትና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ደንቦች መከተል አለባቸው። ሥርዓቱን ጥሰው ጉዳት ካደረሱ ይጠየቃሉ። ይህ ሥልጣን ለግለሰብ አበዳሪ አልተሰጠም። ሰውየውን ወለዱ ስንት እንደሆነም ይጠይቁት። ሕጉ ለብድር ያስቀመጠው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው። አራጣ ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነው፤ እዚያ ውስጥ እጅዎን አያስገቡ።

የቤት ዕቃው ይቀላል። ባለቤቱ ፍሪጁን፣ ሶፋውንና አልጋውን በጨረታ መሸጥ መብቱ ነው። ጥያቄው የእርስዎ ፈቃድ ነው። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ መስክ ነው። አሁን ያለዎት ገዝቶ ለመሸጥ ነው፤ የሰው ዕቃ በኮሚሽን መሸጥ ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ አስተዳደር ንግድ ቢሮ ይሂዱና የሚሠሩትን እንዳለ ነግረው መስኩን ያስጨምሩ። ያለ ፈቃድ መነገድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ገንዘብም እስራትም ያስቀጣል።

ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ። የዕቃው ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ መነሻ ዋጋ፣ የእርስዎ ኮሚሽንና ገንዘቡ የሚተላለፍበት ቀን ይግባበት። ራስዎ አይጫረቱ፣ ዘመድም አያስጫርቱ። ጨረታው ለአሸናፊው “ተሽጧል” ከተባለ ውሉ ተፈጽሟል። ባለቤቱ “ረከሰብኝ” ብሎ እንዳይመለስ ይህን አስቀድመው ይንገሩት። ለገዢውም ደረሰኝ ይስጡ።

ድሬ ላይ ደግሞ የኮንትሮባንድ ነገር አለ። አዲስ የሚመስሉ ቴሌቪዥኖች በብዛት ይዞ “ቤት እየለቀቅኩ ነው” የሚል ሰው ከመጣ የግዢ ደረሰኝ ወይም ዲክላራሲዮን (ዕቃው በጉምሩክ በኩል መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ) ያምጣ። ካላመጣ ይመልሱት። የኮንትሮባንድ ዕቃ ይዞ መገኘትም በጉምሩክ ሕግ ያስጠይቃል፤ “የሰው ነው” ማለት ዕቃውን ከመወረስ አያድነውም።

ሐረርን በተመለከተ፣ ሐረሪ የራሱ ንግድ ቢሮ ያለው ክልል ነው። እዚያ ሱቅ ወይም መጋዘን ይዘው ለመሥራት ካሰቡ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቅርንጫፍዎን ያስመዝግቡ።