የቲክቶክ ቪዲዮዬ ሥራ ያሳጣኝ ይሆን?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ የመጨረሻ ዓመት የጤና ተማሪ ናት። ስለ አመጋገብ አጫጭር ቪዲዮ እየሠራች ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። አንድ መምህሯ «የጤና ባለሙያ እንዲህ ያለ ቦታ አይታይም» አሏት። ጓደኞቿ ደግሞ «ተከታይ ካበዛሽ ሥራው ራሱ ይፈልግሻል» ይሏታል። ማንን ልስማ ትላለች። ኮምፒውተር ላይም ደካማ ነኝ ብላለች።

እህቴ፣ ቪዲዮውን አትተዪ። ተከታይ መቁጠሩን ግን ተዪው።

ስለ ደም ማነስ የሠራሽውን ሁለት ጊዜ አየሁት። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ ለጎረቤቴ አሳየኋት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?» አለችኝ። «ማይክሮኒውትረንት» እና «አብዞርፕሽን» የሚሉት ቃላት አልፈዋት ሄደዋል። ይህን እያወራን ቡና ቀዳች። ከምሳ በኋላ የብረት ክኒኗን የምትውጠው ለካ ቡናዋን እየጠጣች ነው! ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቪዲዮሽ መጀመር የነበረበት ከዚያች ሲኒ ነው። «ክኒኑንና ቡናውን አታገናኚ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። ብርቱካን ካለሽ አብረሽ ብዪ።» በቃ፣ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

ጎጃም ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም አለው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሯል አለ። የአገሪቱ አኃዝ 38 በመቶ ነበር። ድህነቱም፣ ተደጋጋሚ ሕመሙም፣ የውኃ ንጽሕናውም ድርሻ አላቸው። ያንቺ ሥራ ግን እናት በቤቷ ዛሬውኑ መለወጥ የምትችለው ነገር ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በዐቢይ ጾም ለሁለት ዓመት ልጇ እንቁላል የማትሰጥ እናት ብዙ ናት። ልጁ ይጹም ብላ አይደለም። የጾም ዕቃዬን ፍስክ ይነካብኛል ብላ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አታዝም። «እንቁላል ፕሮቲን አለው» ብትያት አይጠቅማትም፤ ያንን ታውቃለች። «ለልጁ አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይለት» ብትያት ግን ማታውኑ ታደርገዋለች። አንድ ካህን አጠገብሽ ሆነው ቢናገሩልሽ ደግሞ እናቶቹም አያቶቹም ይሰሙሻል። ሌላው ማር ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። በማር አገር ይህን ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም በትሕትና በዪው።

መምህርሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሽ የታካሚ ፊት፣ ካርድ፣ አልጋው እንኳ አይቀረጽ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ለይቶ ይጠብቀዋል። ኮሜንት ላይም መድኃኒት አትዘዢ። «ልጄ ከሳብኝ» ላለችሽ እናት መልስሽ አንድ ነው፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ኮምፒውተሩን አትፍሪው። ቪዲዮ ለማቀናበር ካፕከት፣ ለፖስተር ካንቫ ስልክሽ ላይ ይበቃሉ። ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ግን ኤክሴል ነው። ስለዚህ በእሱ ጀምሪ። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚገባው ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ልምምድ ላይ ስትወጪ የመረጃ ባለሙያው አጠገብ ተቀምጠሽ እይ። ብዙ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ደግሞ መረጃ የሚሰበስቡት ኮቦ በሚባል የስልክ መጠይቅ ነው። በነፃ መለማመድ ይቻላል።

ለሥራ ስታመለክቺ የተከታይ ቁጥር አትጻፊ። አምስት ቪዲዮ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ጻፊ፤ መረጃውን ከየት አመጣሽው? ከመልቀቅሽ በፊት ለየትኞቹ እናቶች አሳየሽው? ምን ሲሉሽ ምን ቀየርሽ? እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የማነበው ይህንን ነው።

እስቲ የቡናውን ቪዲዮ እንደገና ሥሪና ላኪልኝ። ጎረቤቴ ከመውለዷ በፊት አሳያታለሁ፤ ምን እንዳለች እጽፍልሻለሁ።