ለጤና ጣቢያው ማሞቂያ እንግዛ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንዴት ከረምሽ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የተወለድኩት ደቡብ ጎንደር ገጠር ነው። ባለፈው ክረምት እህቴ ቀኑ ሳይደርስ ወለደች፤ ልጁ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ጤና ጣቢያው ሙቀት ክፍል የለውም። እዚህ ያለን የአገር ልጆች 6,000 ዶላር አዋጥተን የሕፃናት ማሞቂያ ልንልክ ነው። የትኛውን ዓይነት እንግዛ? (መ.፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለእህትዎ ሐዘኔን ያድርሱልኝ።

ማሞቂያውን አይግዙ። ወሎ ውስጥ በአንድ ደጋማ ወረዳ 9 ዓመት አዋላጅ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ማሞቂያ በእርዳታ መጣልን። እልል ብለን ተቀበልነው። መብራቱ ግን በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። በአራተኛው ወር ተቃጠለ። የሚጠግነው ሰው አጣን።

ከዚያ በኋላ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ በሰባት ወሯ ወለደች። ሕፃኗ 1,600 ግራም ነበረች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ኮፍያና ካልሲ ብቻ አልብሰን እናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ አደረግናት። በነጠላ ጠበቅ አድርገን አሰርናት። እናትየው ሲደክማት አያትየው ተቀበሏት። መጥባት ስላልቻለች እንገሩን በትንሽ ኩባያ ጠብ ጠብ አደረግንላት። በማግስቱ ሆስፒታል የሄደችውም እዚያው ደረት ላይ ሆና ነው። ዛሬ ተማሪ ናት።

ይህ ሕፃኑን ደረት ላይ ገላ ለገላ የማቀፍ ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ሲጀመር ምክንያቱ የማሞቂያ እጥረት ነበር። ዛሬ ግን ማሞቂያ ባለበትም ይመከራል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያስጠናው ጥናት በ2021 ወጥቷል። ከ1.8 ኪሎ በታች የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ደረት ላይ ሲደረጉ፣ እስኪረጋጉ ማሞቂያ ላይ ከቆዩት ይልቅ ሞታቸው በ25 በመቶ ቀንሷል።

ከባዱ ነገር እናትየዋን ማቆየት ነው። ቤት ሌሎች ልጆች አሏት። ስንቋ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ጋደም ለማለት ጀርባው ከፍ የሚል አልጋ ትፈልጋለች፤ እኛ የነበረን ጠባብ የማዋለጃ አልጋ ነው። ስንቷ «ልቤ ቤቴ ነው» ብላ ተነስታ ሄደች! ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ንፋስ የማያስገባ አንድ ክፍል፣ ሁለት ደህና አልጋ፣ ለአያት ፍራሽ፣ የአጥሚትና የገንፎ ወጪ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ትኩስ አጥሚት የሚሰጣት ሰው ካለ እናት ትቆያለች።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን፣ ደርቆና ጀርባው ተሻሽቶ ካልተነፈሰ፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (ጭንብሉ አፍና አፍንጫ ላይ ተደርጎ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ትንፋሽ ሊሰጠው ይገባል። እኛ ጋ አንድ ሌሊት ያላለቀሰ ልጅ ተወለደ። አምቡ ባጉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ቀን ተረኛዋ ኪስ ውስጥ ነው። ሣጥኑን ሰብረን ስናወጣው ልጁ አልፏል። እስካሁን ያ ሌሊት ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ሁለት አምቡ ባግ፣ ቁጥር 0 እና ቁጥር 1 የአምቡ ባግ ጭንብል፣ ሰከንድ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ግዙ። መለማመጃ አሻንጉሊትም ይጨመር፤ እጅ ካልተለማመደ ሌሊት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ይህን የምለው እናቶቻችን ምክራችንን ሰምተው እየመጡ ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ በ2000 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። በዚያው በ2019 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ግን ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። አምነውን መጥተው ባዶ እጃችንን ልንቀበላቸው አይገባም።

ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የጤና ጣቢያውን አዋላጅ በስልክ ያነጋግሯት። አምቡ ባጉ ሌሊት የት እንደሚቀመጥ፣ ያለ ቀኑ የወለደች እናት የት እንደምትተኛ ይጠይቋት። የጎደለውን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

እህትዎ ዳግም ስታረግዝ ክትትሏን በጊዜ ትጀምር። አንዴ ቀኑ ሳይደርስ የወለደች እናት እንደገና ሊያጋጥማት ስለሚችል፣ ያለፈውን ለአዋላጇ በመጀመሪያው ቀን ትንገራት። ምጥ ቀድሞ ከመጣ ቶሎ ሆስፒታል ትድረስ። የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ አለ፤ የሚጠቅመው ከመውለዷ በፊት ሲሰጣት ነው።