ለእንጨት መጫወቻ ዶቃ ስትመርጪ መጀመሪያ ቀዳዳውን እዪ

ሰላም እህቴ። በእጅሽ የምትሠሪያቸው የእንጨት መኪናዎችና በገመድ የሚጎተቱ እንስሳት ላይ የምታስገቢው ዶቃ ቀለሙ ቶሎ እንደሚለቅ፣ አንዳንዱም እንደሚሰነጠቅ ጽፈሻል። ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ፣ ከብርጭቆና ከሲሊኮን የቱ ይበረክታል ብለሽ ነው የጠየቅሽው። የእንጨት መጫወቻ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋልና ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጫወቻው ለስንት ዓመት ልጅ ነው? ይሄን ሳትወስኚ ዶቃ አትግዢ። ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ፣ ዶቃው አንድ ቀን መላቀቁ አይቀርም ብለሽ ተነሺ። የመጫወቻ ደህንነት ደንቦች ለዚህ ዕድሜ አንዲት ትንሽ የመለኪያ ቱቦ አላቸው። የአፏ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ ውስጧ የሚገባ ነገር ልጅ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይቆጠራል። ድቡልቡል ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አይተውም። እኔ በቁራጭ ጣውላ ላይ 32 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስቼ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። በዚያ ያለፈ ዶቃ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሕፃን መጫወቻ አይገባም። በቃ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። ለእንጨት መጫወቻ የእንጨት ዶቃን የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ። ግን እንጨት ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ቢች፣ ሜፕልና በርች ያሉ ጠንካራ እንጨቶች የልጅ ጥርስ ቢያርፍባቸውም በቀላሉ አይጎዱም። ፓይን ለስላሳ ነው፤ በጥፍርሽ ጫን ብትዪው እንኳን ምልክት ይቀራል።

ከዚያ ዶቃውን ወደ ብርሃን አቅንተሽ በቀዳዳው ውስጥ ተመልከቺ። አብዛኛው የእንጨት ዶቃ ቀዳዳው በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደውን ጭረት ተከትሎ ነው የሚበሳው። ስለዚህ በቀዳዳው ሁለት አፎች ዙሪያ ያለው እንጨት የተቆረጠ ጫፍ ነው። ውሃና ምራቅ በዋናነት የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ቀለም መላጥ የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ስንጥቁም የሚነሳው ከዚያው ነው። የቀዳዳው አፍ ሻካራ ከሆነ፣ ፀጉር የመሰለ የእንጨት ጭረት ከወጣበት፣ ወይም ቀለሙ ጠርዙ ላይ ወፍሮ ከተጠራቀመ ያንን ዶቃ ተዪው። እዚያ ጋ ጠርዙ ለስለስ ብሎ ከተጠረገና ቀለሙም በስሱ ከገባበት ግን ጥሩ ሠራተኛ ነው የሠራው።

የቀለሙን ነገር በሁለት መንገድ ነው የማየው። አንደኛው ይለቃል ወይ የሚለው ነው። ነጭ ጨርቅ በለብ ያለ ውሃ አርሺና ዶቃውን ጠቅልለሽ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ከጨርቁ ጋር አጥብቀሽ እሺው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ የልጅ አፍ ውስጥም ይለቃል ማለት ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው፤ ይሄን ደግሞ በጨርቅ አታውቂውም። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ብረቶች በዓይን አይታዩም። ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም። አሜሪካ በልጆች መጫወቻ ቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከ0.009 በመቶ በላይ እርሳስ አትፈቅድም። አውሮፓ ደግሞ ኢኤን 71-3 በሚባለው ደረጃ ከቀለሙ ውስጥ ሊሟሙ የሚችሉትን ብረቶች ትለካለች። ስለዚህ ሻጩን የምርመራ ወረቀት ጠይቂው፤ ወረቀቱ የምትገዢውን ቀለም የሚመለከት መሆኑንም እዪ። ካላገኘሽ ቀለም ያልተቀባ ዶቃ ገዝተሽ ራስሽ ብትቀቢው ይሻላል።

ራስሽ የምትጨርሺው ከሆነ ንጹሕ የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ደስ የሚል መልክ ይሰጣሉ። ግን ተጠንቀቂ፤ ቀለም መሸጫ የሚገኘው "የተፈላ" የተልባ ዘይት ብዙ ጊዜ ቶሎ እንዲደርቅ ብረት ያለበት ማድረቂያ ኬሚካል ይገባበታል፣ ለልጅ መጫወቻ አይሆንም። ንጹሑ ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል፣ መታገሥ ነው። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ አትጣዪው። ሲደርቅ ይሞቃል፣ በራሱም እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ፕላስቲክ ላይ ብዙ አልቆይም። አክሪሊክ ያምራል፣ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ጠንካራ ወለል ላይ ደጋግሞ ሲወድቅ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል፣ ስባሪውም ስለት አለው። ወርቃማና ብርማ ቅብ ያለውን ጭራሽ አትንኪው፤ ቅቡ በፍጥነት ይላጣል፣ ልጁ ደግሞ የተላጠውን ይበላዋል። የብርጭቆ ዶቃ ቀለሙ በራሱ በብርጭቆው ውስጥ ስለሆነ ዕድሜ ልክ አይደበዝዝም። ግን መጫወቻ ይወረወራል። ብርጭቆን ለመደርደሪያ ጌጥ ተዪው።

ሲሊኮን ጥርስ ለሚያወጣ ሕፃን ጥሩ ነው። ድድ አይጎዳም፣ ይታጠባል፣ ይቀቀላል። ደካማ ጎኑ አንዴ በጥርስ ከተበጣ ስንጥቁ እየሰፋ መሄዱ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ስትሰጪ በየጊዜው የቀዳዳውን አፍ ጎተት እያደረጉ እንዲያዩት ንገሪያቸው።

ከተፈጥሮ ፍሬ የተሠራ ዶቃ ብዙ ሰው ይወዳል፤ እዚህ ላይ ግን ልቤ ይፈራል። ጫፉ ጥቁር የሆነው ቀይ ፍሬና የጉሎ ፍሬ ሁለቱም ገዳይ መርዝ አላቸው። ጠንካራው ልጣጭ ሳይነካ ሲቀር መርዙን አምቆ ይይዘዋል፤ ለክር ሲበሳ ግን መከላከያው ተነሳ ማለት ነው። የፍሬውን ስም በትክክል ካላወቅሽ ለልጅ አትስጪ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። ዶቃው ራሱ ሳይበላሽ መጫወቻው የሚበላሸው በክሩ ምክንያት ነው። ስለታም የቀዳዳ ጠርዝ ክርን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ትንሽ የጥጥ ቁራጭ በጠርዙ ዙሪያ አዙሪ። ጥጡ ከያዘሽ ጠርዙ ስለት አለው። በድቡልቡል ሞረድ ወይም ተጠቅልሎ በቀጠነ ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለስልሺው። ከዚያ የምትጠቀሚበትን ክር አስገብተሽ አዘንብለሽ ወዲያና ወዲህ ሳቢው። ክሩ ከሻከረ፣ ነጭ ጭረት ካወጣ፣ ጠርዙ ገና ነው።

ክሩ የተጎነጎነ ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሁን፣ ጫፉም በእሳት ቀልጦ ይዘጋ። የጥጥ ክር ምራቅ ይመጠጥና ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ላስቲክ ክር ለሕፃን መጫወቻ አይሆንም፤ ሲበጠስ ዶቃው ይበተናል። ቋጠሮውን ውጭ አትተዪው። እንጨቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ጉድጓድ በስተሽ ቋጠሮውን ክተቺበት፣ በላዩ የእንጨት ውታፍ በኮላ ምቺበት። ለትንንሽ ልጆች በሚሆነው ላይ የተንጠለጠለውን ክር እኔ ከ20 ሴንቲ ሜትር አላስበልጥም፤ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም ነው።

ክር ሳያስፈልግ ዶቃውን በክብ የእንጨት ዘንግ ላይ ማስገባት ከተቻለ ደግሞ እሱ ከሁሉም ይሻላል። የዶቃው ቀዳዳ ከዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ይበል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ያብጣል። ልክክ ብሎ የገባ ዶቃ በእርጥበት ጊዜ ዘንጉ ሲያብጥ ከውስጥ ይገፋዋል፣ በዚያው ይሰነጠቃል። ያንቺ ዶቃዎች የተሰነጠቁት በቀዳዳው አቅጣጫ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ይመስለኛል። ኮላ የሚነካው የዘንጉን ሁለት ጫፍ ብቻ ነው፣ ዶቃው ነፃ ሆኖ ይሽከርከር። ኮላውም ውሃ የሚችል ይሁን።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፈትኚው። የአውሮፓው ኢኤን 71-1 ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍል በ90 ኒውተን ሲሳብ እንዳይላቀቅ ይጠይቃል። ይሄ በግምት የ9 ኪሎ ክብደት ነው። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 9 ሊትር ውሃ ሞልተሽ ዶቃው ላይ አንጠልጥዪው፣ አሥር ሰከንድ ቆጥረሽ አውርጂው። ከዚያ መጫወቻውን ከ85 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አምስት ጊዜ ጠንካራ ወለል ላይ ጣዪው። መጀመሪያ ውሃ አንክረሽው ፈተናውን ብትደግሚው የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ የሚስበው ካላመጠው በኋላ ነውና። በእርግጥ ለሽያጭ የሚሆን ከሆነ የቤት ፈተና የላብራቶሪውን ቦታ አይተካም።

እጅሽ ላይ የቀሩትን ትንንሽ ዶቃዎች አትጣያቸው። ቀለማቸው የማይለቅና ምርመራ ያላቸውን ለይተሽ ለትምህርት ቤት ልጆች የመቁጠሪያ ሰሌዳ ሥሪባቸው። በወፈር ያለ ዘንግ ላይ ሰካክተሽ ዳርና ዳሩን በደንብ ዝጊው፤ ቤት ውስጥ ታናሽ ሕፃን ካለ ግን ከእሱ ይራቅ።