ሳይኮሎጂ ላይ ጠይቁ ብያችሁ ነበር

ድሬዳዋ ውስጥ መግቢያ ሳይኮሎጂና የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበርና እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ፊት አይቶ ሐሳብ ያውቃል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አቦ፣ ይሄ ጥያቄ ሠርግ ቤት እንኳ አይለቀኝም! አላውቅም። በዚህ ሥራ እኛን የሚያስንቅ ፈረስ ግን ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተባለ፤ 3 ሲደመር 4 ሲሉት በሰኮናው መሬቱን 7 ጊዜ ይመታል። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ነገሩን መረመረና ውጤቱን በ1907 አወጣ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም ይስታል። ለካስ ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ የጠያቂው ራስ በጥቂቱ ቀና ይል ኖሯል፤ ፈረሱ እሱን አይቶ ያቆማል። ሰውየው ቀና ማለቱ አይታወቀውም። ዛሬ መድኃኒት ሲሞከር ሰጪውም ተቀባዩም እውነተኛው ክኒን የቱ እንደሆነ እንዳያውቁ የሚደረገው እንዲህ ያለውን ነገር ፈርተን ነው።

ጥያቄ፦ የሳይኮሎጂ አባት ፍሮይድ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት በ1879 ላይፕሲግ ውስጥ ቤተ ሙከራ የከፈተበትን ጊዜ እንደ መጀመሪያ እንቆጥራለን። ሰው ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እስኪጫን የሚፈጀውን ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ ይለኩ ነበር። ፌህነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከሱ ቀደም ብሎ በ1860 ስሜትን ስለ መለካት ጽፏል፤ ለሙያው ቤተ ሙከራና ተማሪ የሰጠው ግን ቩንት ነው። ፍሮይድ የቪየና የነርቭ ሐኪም ነው፤ ከታካሚዎቹ የሰማውን ይዞ ትልቅ ሐሳብ ገነባ። ታካሚው «አዎ» ካለ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ «አይ» ካለ ደግሞ «እውነቱን እየሸሸ ነው» ይባላል። እንዲህ ያለውን በምን ትፈትነዋለህ?

ጥያቄ፦ በሳይኮሎጂስትና በሳይካትሪስት መካከል ያለው ልዩነትስ?

መልስ፦ ሳይካትሪስቱ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግርና በምዘና ይሠራል፤ አንዳንዱም እንደኔ ጠመኔ ይዞ ይውላል።

ጥያቄ፦ እኛ ክፍል በርጫ የሚቀመጡት ልጆች ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነው። እንግዲህ ጫት ውጤት ይጥላል ማለት አይቻልም?

መልስ፦ ሊጥል ይችላል፤ ካየኸው ነገር ግን ይሄ አይወጣም። መጀመሪያ ውጤቱ የወደቀበት ልጅ ተስፋ ቆርጦ በርጫ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ወይም ከቤት ችግር አለበት፤ ችግሩ ትምህርቱንም ያስተወዋል፣ ጫቱንም ያስይዘዋል። ደግሞ ማታ ጨብሲ ብለው የጫቱን ምርቃና በመጠጥ የሚሰብሩ አሉ፤ ጠዋት ክፍል የሚያስቀረው ቅጠሉ ነው ወይስ መጠጡ? ወይስ እንቅልፍ ማጣቱ? ልጆቹን በዕጣ ከፍለህ ግማሹን ቃሙ፣ ግማሹን ተዉ ብትል መልሱ ይጠራ ነበር፤ ይህን ግን ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅድልህም። የቀረህ ገና ሳይጀምሩ ውጤታቸውን፣ እንቅልፋቸውንና የቤት ሁኔታቸውን መዝግበህ እየተከታተልክ መቆየት ነው። ዓመታት ይፈጃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንህም፤ «በጫትና በውጤት መካከል ዝምድና አገኘሁ» ብለህ ጻፍ፣ «ጫት ውጤት ጣለ» አትበል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ መመረቂያዬን ስለ ጫት እየሠራሁ ነው። ከሰዓት ከዚራ ሰፈር 200 መጠይቅ አስሞላሁ። የድሬዳዋን ወጣት ይወክላል?

መልስ፦ አይወክልም፣ 2,000ም ብታስሞዪ። ከሰዓት ጥላ ሥር የምታገኚው ጊዜ ያለውን ነው። መጋላ ገበያ የምትነግደው ልጅ የለችበትም፤ ባጃጅ የሚነዳውም አልቆመልሽም። ከየቀበሌው ዝርዝር ላይ በዕጣ አውጪና ቤት ድረስ ሂጂ። ቤት ስትሄጂ ሌላ ጣጣ አለ። በዚህ ሙቀት ሁሉም ግቢ ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። እናትየዋ ቡና እያፈላች፣ ጎረቤት ተቀምጣ፣ አንዷን ልጅ «ትቅሚያለሽ?» ብትያት ምን ትመልሳለች? «በስመአብ፣ አልነካም!» ትልሻለች። ይህን መልስ ኮምፒውተር ላይ አስገብተሽ ስንት መቶኛ ብታወጪበት የእናትየዋን ቁጣ ነው የለካሽው። ወረቀቱን ራሷ ሞልታ በፖስታ አሽጋ ትስጥሽ፤ ማንበብ የማትችል ከሆነች ለብቻዋ የምታናግርያት ቦታ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ሰው በትእዛዝ ሌላውን በኤሌክትሪክ ያሰቃየበት ሙከራ እውነት ነው?

መልስ፦ ስታንሊ ሚልግራም በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። በመጀመሪያ ባሳተመው ጥናት ከ40 ወንዶች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄደዋል። ኤሌክትሪክ ግን አልነበረም፤ የሚሰቃይ መስሎ የተቀመጠው ሰው የተመራማሪው ተባባሪ ነው። ታዛዦቹ የተጨነቁት ግን ከልባቸው ነው፤ ያላባቸውና የተንቀጠቀጡ ነበሩ። ዛሬ እንዲያ አድርጎ መድገም አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጥናት ለእኛ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ጥርጣሬህ ደግ ነው፤ እነሱም ራሳቸው ገብቷቸዋል። ሄንሪክ የተባለ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በምዕራባውያን፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሆኖ ሳለ «ሰው እንዲህ ነው» መባሉን ተቹ። እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች ጫፋቸው ላይ ባለው ቀስት ምክንያት አንዱ ረዝሞ የሚታይበትን ሥዕል ታውቁታላችሁ። በ1960ዎቹ በብዙ አገር ሲሞከር ዓይን የሚታለልበት መጠን ከሕዝብ ሕዝብ ተለያየ። በ2015 ደግሞ 100 ጥናቶች ሲደገሙ ግልጽ ውጤት በድጋሚ የሰጡት 36 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ዘዴውን ውሰዱና እዚህ ድገሙት።

ጥያቄ፦ መጠይቅ ለሚሞሉልኝ ለጫት ብሰጣቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ሃሃ! ለጊዜያቸው መጠነኛ ካሳ መስጠት ነውር የለውም፤ «አልፈልግም» ለማለት እስኪቸገሩ ግን አይብዛ። ኮሚቴው አስቀድሞ ይወቀው፣ መሀል ላይ ትቶ ለሚነሳውም ይከፈለው። ጫት ግን ስለ ጫት ለምታጠናው ሰው? ተው። ቀዝቃዛ ውሃ ግዛላቸው።