«ፈርም ኦርደር» የቁጣ ትዕዛዝ ነውን?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በጽሕፈት ሥራ ላይ የምገኝ የዓምዳችሁ ተከታታይ ነኝ። በቅርቡ ከውጭ አገር ገዢ የመጣን ደብዳቤ ስተረጉም «ፈርም ኦርደር» የሚለውን «ጠንካራ ትዕዛዝ» ብዬ ጻፍሁት። የምርት ክፍሉ ኃላፊ አንብበው «ምን አጥፍተን ነው እንዲህ የሚያዙን?» ብለው ተቆጡ። መዝገበ ቃላቱ ግን ቃሉን «ጠንካራ፣ ጽኑ» ብሎ ነው የሚፈታው። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው? «የሕግ ፈርም» ስንል የምንጠቀምበትስ ይኸው ቃል ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸዎትም፤ ኃላፊውም ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። «ትዕዛዝ» የሚለው ቃላችን አለቃ የሚሰጠውንም ደንበኛ የሚልከውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ከፊቱ «ጠንካራ» ሲጨመርበት ወዲያው ወደ አለቃው ያጋድላል። ገዢው ሊል የፈለገው ግን የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ ተወስኖ ያለቀ መሆኑን፣ ነገሩ «ምናልባት እንገዛ ይሆናል» ከሚል ጥያቄ ያለፈ መሆኑን ነው። ስለዚህ «ቁርጡ የታወቀ የግዢ ትዕዛዝ» ቢሉት ኖሮ ማንም ባልተቆጣ።

እንግሊዝኛው የማይለወጥን ነገር ሲጫኑት በማይሰረጉድ አካል ይመስለዋል፤ አማርኛ ደግሞ ቢላዋ ያነሣል። በደሴ ገበያ ዋጋ ስትከራከር የቆየች ሸማች በመጨረሻ «ቁርጡን ንገረኝ» ትላለች እንጂ «ጠንካራውን ንገረኝ» አትልም፤ ነጋዴውም «ቁርጥ ዋጋው ይኸው ነው» ካለ፣ እንግሊዞች ዋጋው «ፈርም» ነው የሚሉት ያንኑ ነው።

የቃሉ የመጀመሪያ ስሜት የሚገኘው ግን በጣት ነው። እዚያው ገበያ ውስጥ ቲማቲም የምትመርጠውን ሴት ይመልከቱ፦ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፣ ጥቂት ጫን ታደርጋለች፣ ቆዳው ውስጥ ለውስጥ ገፋ አድርጎ ከመለሰላት ከዘንቢሏ ትጨምራለች፣ ከሟሸሸባት ትመልሰዋለች። ያ ገፍቶ የሚመልሰው ቲማቲም «ፈርም» ነው። ጭራሽ የማይበገረው፣ ገና ያልበሰለው አረንጓዴው «ሀርድ» ይባላል፤ እርሱንም አትፈልገውም። በመሆኑም «ፈርም» በልስላሴና በድርቀት መካከል ያለ፣ ከጥንካሬው ጋር መልካምነትን የያዘ ቃል ነው፤ ለዚህ ስሜት ደግሞ እኛ «ጠንካራ» ሳይሆን «ጠንከር ያለ» የሚል ግሩም መሣሪያ አለን። «ጠንካራ ፍራሽ» የተባለው ላይ ተኝቶ ማደር የሚመኝ የለም፤ ሐኪም ወገቡን ለታመመ ሰው «ጠንከር ያለ ፍራሽ» ቢል ግን ነገሩ ይገባል። በእኔ አስተያየት ብዙዎቹ ተርጓሚዎች የሚሳሳቱት ይህችን «ያለ» በመርሳት ነው።

ስለ ሰው ሲነገርም ሚዛኑ ያው ነው። «ፈርም» የተባለ መምህር ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «አይሆንም» ያለው የማይሆንለት፣ ቆፍጠን ያለ ሰው ነው፤ ግትር ለሚባለው ሌላ ቃል አላቸው። ስለ እምነትና ስለ አቋም ሲሆን ግን ያለ ምንም ጭንቀት «ጽኑ» ይበሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጁ የእንግሊዝኛ መምሪያዎች «ፈርም» በሆነ አጨባበጥ ሰላምታ እንድንሰጥ ይመክራሉ፤ እጅን ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ ማለታቸው ነው። ምክሩ ጎንበስ ብለን፣ በግራ እጃችን ቀኝ ክንዳችንን ደግፈን ለምንጨብጣቸው ሽማግሌ አይሠራም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ «የሕግ ፈርም» የሚለው ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የደረሰው ግን በሌላ መንገድ ነው። ሥሩ የላቲኑ «ፊርሙስ» ሲሆን ትርጉሙ ጽኑ ማለት ነው። ከእርሱ የወጣው ግስ ማጽናትን ያመለክት ነበርና፣ በጣሊያንኛ ሰነድን የሚያጸናው ምልክት «ፊርማ» ተባለ፤ ነጋዴዎች የሚፈርሙበት የንግድ ስም፣ በኋላም የንግድ ቤቱ ራሱ «ፈርም» ለመባል በቃ። እኛም «ፊርማ»ን ከጣሊያንኛ ወስደን «ፈረመ» ብለን ስላረባነው፣ ኃላፊው ሰነድ አቅርበው «እዚህ ጋ ፈርም» ሲሉ ሳያውቁት ያንኑ የላቲን ሥር እየጠሩ ነው። (ውጫሌ ከደሴ ሩቅ አይደለችም፤ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመውና በስሟ በሚጠራው ውል፣ የአንቀጽ 17 አማርኛና ጣሊያንኛ ባለመጣጣማቸው የመጣውን መዘዝ የምናውቅ ሰዎች በአንድ ቃል ላይ ብንጨቃጨቅ አይግረምዎት።)

ፍርድ ቤት የሥር ውሳኔን «አጸናው» ሲባል እንግሊዝኛውም ከዚሁ ሥር በወጣ ግስ ይገልጸዋል፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል። በሆስፒታል በር ግን ይለያያሉ። እኛ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» ስንል ጽኑ የሆነው ሕመሙ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኢንፈርም» የሚባለው ግን ጽናቱ የከዳው፣ የደከመው ሰው ነው። ስለዚህ «ጽኑ ሕመም»ን «ፈርም» ብለው እንዳይተረጉሙ አደራ።

አሁን ደብዳቤውን እንዲህ ብለው ያስተካክሉት፦ «ይህ ቁርጡ የታወቀ የግዢ ትዕዛዛችን ነው።» ከዚያው ዝቅ ብሎ የማስረከቢያው ቀንም «ፈርም» ነው የሚል ካለ «ቀኑ አይዛወርም» ብለው ይጻፉት፤ ኃላፊው ያን ጊዜ ቢደነግጡ ተገቢ ነው።