ማዱራይ ሄጄ ቤተ መቅደሱን ሳላይ ልመለስ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴን ለዓይን ሕክምና ይዤ ደቡብ ሕንድ፣ ማዱራይ ልሄድ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ የከተማዋ ጠባቂ የሚሏት የሂንዱ አምላክ፣ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ አለ ሲሉ ሰማሁና ማየት አማረኝ። እናቴ ግን «ጣዖት ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ!» ብላለች። የሌላ እምነት ሰው ያስገባሉ? ምን ልልበስ? ግንባሬን ቀለም ቢቀቡኝስ? (ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባባን ፈጣሪ ይማርልሽ። እኔም እናቴን ለዓይኗ ይዤ እዚያችው ከተማ ሰንብቼ ነበርና ጥያቄሽ ደስ አለኝ።

ያስገባሉ። ግን እስከ መጨረሻው አይደለም። ሚናክሺ ራሷ ያለችበት ክፍልና የባሏ የሱንዳሬሽዋራር (ሺቫ የሚባለው አምላካቸው እዚያ የሚጠራበት ስም ነው) ክፍል ለሂንዱዎች ብቻ ነው። ቅር እንዳይልሽ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባ እያወቅን ነው ያደግነው።

አለባበስ ላይ አትጨነቂ። ረዥም ቀሚስና ነጠላ ከበቂ በላይ ነው። ጫማ እንደ ላሊበላ ውጭ ይቀራል። ቀትር ላይ ግን አትሂጂ፤ ድንጋዩ ምጣድ ነው! ደግሞም በኛ የሰዓት አቆጣጠር ከስድስት ተኩል ገደማ እስከ አስር ይዘጋል። ስልክም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ግቢው ውስጥ እሳት ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሞባይል በር ላይ ይቀመጣል። እኔማ ተመስገን አልኩ። ሰው ቢያንስ አንገቱን ቀና አድርጎ ማማዎቹን ያያል። 14 ናቸው፤ ረዥሙ የደቡቡ ሲሆን 52 ሜትር ገደማ ነው። ከታች እስከ ላይ ባለቀለም ምስል ነው፤ አማልክቱ፣ እንስሳው፣ ዓይኑን ያፈጠጠው ሁሉ ተደራርቦ።

ሚናክሺ ዝም ብላ የተቀመጠች እመቤት እንዳትመስልሽ። ታሪኳ እንዲህ ነው። አንድ የፓንድያ (ጥንት ማዱራይን የገዛው ሥርወ መንግሥት) ንጉሥ ልጅ አጥቶ ሲማጸን፣ ከመሥዋዕቱ እሳት ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ ወጣች። ሦስት ጡት ነበራት። «ባሏን ያየች ቀን ሦስተኛው ይጠፋል» ተባለ። ንጉሡ እንደ ወንድ ልጅ አስታጥቆ አሳደጋት። ነገሠች፣ ዘመተች፣ አገር አስገበረች። በመጨረሻ ሺቫ ፊት ስትቆም ጡቱ ጠፋ። ሠርጉ ማዱራይ ተደገሰ፤ የዳራትም ወንድሟ፣ ሌላው አምላክ ቪሽኑ ነው። ሠርጉ ምሰሶ ላይ ተቀርጿል፤ ያቺ ጦር የመራች ሴት እንደማንኛዋም ሙሽራ አንገቷን ሰበር አድርጋለች። አማኙም መጀመሪያ እሷን ተሳልሞ ነው ወደ ባሏ የሚሄደው። ቤቱ የእሷ ነዋ! ይህን ሲሰሙ እልል የሚሉ ሴቶች ደሴ ውስጥ አውቃለሁ።

ከቻልሽ ማታ ሂጂ። ለሌሊቱ ከመዘጋቱ በፊት ባልየውን (ምልክቱን ማለቴ ነው) በከበሮና በትንፋሽ መሣሪያ አጅበው፣ በሸክም አልጋ ተሸክመው ወደ እሷ ክፍል ይወስዱታል። በየቀኑ ነው። ጠዋት ደግሞ ይመልሱታል። ባል ወደ ሚስቱ ቤት! በር ላይ ያሉትን አበባ ሻጮችም አትለፊያቸው። ጃስሚን በክር እየሰኩ ይሸጣሉ፣ የኛ ጠምበለል ዘመድ ነው። የሚለኩት በክንድ ነው፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ዘርግተው ጥምዝ ያደርጉና ይቆርጡታል። ልክ እንደ ጥንቱ የኛ ገበያ። አንድ ክንድ ገዝተሽ ፀጉርሽ ላይ ብትሰኪ ማንም ሃይማኖትሽን አይጠይቅሽም።

ቀለሙ ኩምኩም ይባላል፣ ከእርድና ከኖራ የሚሠራ ቀይ ዱቄት ነው። ለእነሱ በረከት ነው። ሮጦ የሚቀባሽ የለም፤ ምናልባት አንዷ እናት ከመዳፏ ልታካፍልሽ ትፈልጋለች። ካልፈለግሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ፈገግ በይ። እኔ አልተቀባሁም፣ የተቀየመኝም የለም።

እናትሽን በተመለከተ እኔ ቄስም ሸህም አይደለሁም። ነገሩ ከከበዳቸው የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ። ለእኔ ግን ማየትና መስገድ ለየቅል ነው። ላሊበላ የሚመጣው ፈረንጅ ሁሉ ተጠምቆ አይመለስም። ደግሞ ተደብቀሽ አትሂጂ፤ ነግረሻቸው ሂጂ። በኋላ ከሰው አፍ ሲሰሙት ነው ነገሩ የሚከፋው።

አባባን ግን ዓይናቸው ከተሠራ በኋላ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ይዘሻቸው እንዳትገቢ። ውስጡ ግፊያ ነው፣ የካምፎርና የዕጣን ጭስም አለ።