የብሮውዘር ኤክስቴንሽን ዳታ የት ይቀመጥ?

የኤክስቴንሽኔን ሴቲንግና የተጠቃሚውን ማስታወሻ ሎካልስቶሬጅ (localStorage፣ ብሮውዘሩ ለድረ ገጾች የሚሰጠው ማስቀመጫ) ላይ ላስቀምጥ ወይ ላልከው፣ እሱን ተወው። ማኒፌስት 3 (የአሁኑ የኤክስቴንሽን አሠራር ደንብ) ላይ ከጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ ወርከር ጭራሽ አያገኘውም። ኮንቴንት ስክሪፕት (ኤክስቴንሽኑ ድረ ገጽ ውስጥ የሚያስኬደው ኮድ) ውስጥ ከተጠቀምክበት ደግሞ ዳታው የሚቀመጠው በተከፈተው ድረ ገጽ ስር ስለሆነ ገጹ ራሱ ሊያነበው ይችላል፣ የሰው ማስታወሻ እንዲህ መጋለጥ የለበትም።

ሴቲንጉን ስቶሬጅ ሲንክ (chrome.storage.sync፣ በአካውንት የሚመሳሰል የኤክስቴንሽን ማስቀመጫ) ላይ አድርገው፤ ተጠቃሚው ሌላ ኮምፒውተር ላይ በአካውንቱ ሲገባ ይከተለዋል። ግን ጠባብ ነው፣ ክሮም ላይ በጠቅላላው 100 ኪሎባይት አካባቢ። ፊደል በተነካ ቁጥር ሴቭ ካደረግክ ደግሞ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚለው ገደብ ቶሎ ይይዝሃል፣ ስለዚህ ተጠቃሚው መጻፉን ሲያቆም ጠብቀህ አንዴ ሴቭ አድርግ።

ማስታወሻው ስቶሬጅ ሎካል (chrome.storage.local፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀር የኤክስቴንሽን ማስቀመጫ፣ ከሎካልስቶሬጅ የተለየ ነው) ላይ ይሁን፣ 10 ሜጋባይት አለህ። ፓስወርድና ቶክን (በፓስወርድ ፈንታ የሚያገለግል የመግቢያ ኮድ) ግን እዚያ እንዳታስቀምጥ፣ ኢንክሪፕት አይደረግም።